ከዋንዛና ከአቡጀዲ የሠራሁት ቦምብ ጣይ

አባቴ ወደ እንጨት ቤቴ መምጣት ያቆሙት አውሮፕላኑ ክንፍ ያወጣ ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ሳይሉ አያልፉም ነበር። በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው እንጨት ስልግ ያዩኛል። ብዙ አያወሩም፤ እኔም ብዙ አላወራቸውም። ሰቆጣ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል።

የዚያን ቀን አልተቀመጡም። ደጃፉ ላይ ቆመው ከጣሪያው በገመድ ያንጠለጠልኩትን ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው አባባ። የጥንት ነው፤ ድሮ ክንፉ ድርብ ሆኖ ይሠራ የነበረው። ትንሽ አድርጌ እየሠራሁት ነው።»

ትንሽ ያልኩት ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጥ ነበር።

«ሥራው ምን ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ሰው ያመላልስ ነበር ብል ያምኑኛል። ግን እሳቸውን ዋሽቼ አላውቅም። «ቦምብ ይጥል ነበር» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አባቴ በጣሊያን ጊዜ አየሁ ብሎ የነገረኝ ይኼን ነው» አሉ። «ድርብ ክንፍ ነው ያለው። ከብቱ ውሃ ላይ ሳለ መጣ ብሎኛል።» ከዚያ ዞረው ወጡ። በነጋታው በሩ ላይ ጠበቅኳቸው፤ በወዲያኛው መንገድ አለፉ።

ሐሳቡን ያመጣው ጓደኛዬ ነው፤ እንዲህ ስል ግን ጥፋቱን በእሱ ላይ ላላክክ አይደለም። ገበያው ጥግ ላይ ሬዲዮ፣ የስልክ ባትሪና የፀሐይ መብራት ይሸጣል። አባቱም አያቱም በዚያው ሱቅ የነገዱ ናቸው። አብረን ነው ያደግነው፤ የእሱ ዒድ የእኔም ነበር፣ የእኔ ፋሲካ የእሱም። ጦርነቱ ሱቁን ባዶ ካስቀረው በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መምጣት ልማዱ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ አሳየኝ። የሸበቱ ፈረንጆች ሣር ሜዳ ላይ ቆመው ባለ ድርብ ክንፍ ትልቅ አውሮፕላን በሪሞት ያበራሉ። ፊልሙን የቀረጸው ሰው መካከል ላይ ጠጋ ብሎ አውሮፕላኑ ጨርቁን ሳይለብስ ውስጡ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

እኔን የያዘኝ ያ ነው። ውስጡ እንጨት ነበር። ጎድኑ፣ አከርካሪው፣ ክንፉን ከክንፍ የሚያያይዘው ቋሚ ሁሉ እንጨት፤ በላዩ ላይ የተወጠረው ደግሞ ጨርቅ። ዕድሜ ልኬን አውሮፕላን ብረት ይመስለኝ ነበር። «ይኼማ የአናጢ ሥራ ነው!» አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀ። «አንተ ትችለዋለህ?» አለኝ። አንድን አናጢ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀብን። ጎድኑን ከዋንዛ አወጣሁት፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ሲላግም አይሰነጠቅም። ለክንፉ ጫፍ ቀርከሃ አጎበጥኩ። አቡጀዲ ወጥሬ ሙጫ ቀባሁት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮኽ ጀመር። ለሞተር፣ አንበጣ የመጣ ጊዜ በጀርባ ታዝለው ኬሚካል የሚረጩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ተበላሽተው የተጣሉ ሁለት አገኘን። ጓደኛዬ ፈታቸውና አጥቦ አስነሳቸው። ሪሞቱንና መሪውን በገመድ የሚስቡትን ትንንሽ ሞተሮች አዲስ አበባ ያለ የአክስቱ ልጅ ከጦርነቱ በፊት ለሱቁ ንግድ ብሎ ገዝቶ አስቀምጦለት የነበረ ነው።

ቦምቦቹን የሠራሁት መጨረሻ ላይ ነው። ቪዲዮው ላይ አውሮፕላኑ ከሆዱ ሥር ትንንሽ ቦምቦች ተሸክሞ፣ ሪሞቱ ሲነካ አንድ በአንድ ይጥላቸው ነበር። ጓደኛዬ «ይቅሩ» አለኝ፤ ይህን መመስከር አለብኝ። «ምን ያደርጉልናል? ይብረር፣ ይበቃናል» አለ። እኔ ግን ጎዶሎ ሥራ አልወድም። ስድስት ቁራጭ እንጨት ቶርኖ ላይ አዙሬ፣ አፍንጫቸውን አሹዬ፣ ጭራቸው ላይ አራት አራት የቆርቆሮ ክንፍ ሰክቼ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው። እያንዳንዳቸው የጠርሙስ ያህል ናቸው። ከሆዱ ሥር ስሰቅላቸው ደስ ያለኝን ያህል በሌላ ሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለማብረር የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስፈቀድን። መጥቶ አላየውም። «የልጆች መጫወቻ አይደል?» አለ። «ከከተማ ራቅ አድርጉት እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።» ራቅ አደረግነው። አንድ እሑድ ጠዋት በአህያ ጋሪ ጭነን፣ ክንፉን ለብቻ ሸራ አልብሰን፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ባዶውን ወደቀረ አንድ ሜዳ ወሰድነው።

ሞተሮቹ ሲነሱ ድምፃቸው ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። እንጨት ቤቴ ውስጥ ስንሞክራቸው የሚያጉረመርሙ ነበሩ፤ ሜዳው ላይ ግን ጋራው ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ይወረውረዋል። አውሮፕላኑ ቃርሚያው ላይ እየዘለለ ሄደ፣ ሄደና ተነሣ። ተነሣ! ጓደኛዬ ሪሞቱን እንደያዘ «ያ አላህ» ሲል ሰማሁት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በእጄ የላግሁት ዋንዛ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ አቡጀዲው ብርሃን እያስተላለፈ፣ ጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ከሥር ይታየኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛውን ሲዞር ዓይኔን ወደ ታች መለስኩ። ከሜዳው ማዶ ባለው መንገድ ላይ ወደ ከተማ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ተኝተዋል። አንዲት ሴት የአህያዋን ልጓም ለቅቃ ከቦይ ውስጥ በደረቷ ተደፍታለች። አንድ ሰውዬ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ከድንጋይ ካብ ሥር ተጣብቋል። ወዲያው ግን ነጠላውን ገፍፎ ከሥሩ ደበቀው፤ ነጭ ነገር ከላይ እንዳይታይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ሰዎቹን አየሃቸው?» አልኩት።

«አየሁ። ላውርደው።»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ እናወርደዋለን» ነው። ይህን ቃሌን ለማንም ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

በሦስተኛው ዙር ነፋስ ወደ ምዕራብ ገፋው። ጓደኛዬ ሪሞቱን ወደ ግራ ጎተተ፣ ወደ ቀኝ ጎተተ። አውሮፕላኑ አልሰማም። ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳይወላገድ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ጋራው አመራ። «አልታዘዝ አለኝ» አለ ጓደኛዬ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። እየሮጥን ጉብታው ላይ ስንደርስ በደሃና ወረዳ በኩል አንዲት ነጥብ ሆኗል። ቤንዚኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ድምፁ ከነጥቡ በኋላም ትንሽ ቆየ።

ከተማ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ባጃጅ ነጂው ለተሳፋሪው ይነግራል፣ ሻይ ቤቱ ለሻይ ቤቱ። ድሮን አለፈ፤ ሁለት ነበሩ፤ አይ ሦስት፤ ወደ ደሃና ነው የሄዱት፤ ነገ ይመለሳሉ። ሰኞ ትምህርት ቤት ያልሄዱ ልጆች ብዙ ነበሩ። የጓደኛዬ ጎረቤት ሱቁን ዘግቶ ቤተሰቡን ወደ ወልድያ ሊልክ ዕቃ ሲያስር አየሁት። ሄጄ «የእኔ ነው፣ እንጨት ነው» ብዬ ብነግረው በቀላሉ ይቀር ነበር። አልሄድኩም። ፈራሁ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር መናገሩ ይበልጥ እየከበደኝ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ እንጨት ቤቴ መጥቶ በአባቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ከደሃና የመጣ ደንበኛ አለኝ» አለ። «አንድ መንደር ላይ ወድቋል ይላል። ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ዋሻ ገብቷል። ቦምቡ ሳይፈነዳ ተቀምጧል ብለው ማንም አይጠጋም። ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

ተነሥተን ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድንና ሁሉንም ነገርነው። መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ጮኸብን፣ ከዚያ አንድ ሚሊሻ አብሮን እንዲሄድ አዘዘ። «ራሳችሁ አንሡት» አለ። «ለሕዝቡም ራሳችሁ ንገሩ።» ከቤት ስወጣ አባቴ ደጅ ላይ ነበሩ። የት እንደምሄድ ነገርኳቸው። «ሰው ተጎድቷል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

እስከሚቻለው በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄደን በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። መንደሩ አሥር የማይሞላ ቤት ነው፣ ገደል ጫፍ ላይ። በሮቹ ክፍት ናቸው። አንዱ ቤት ውስጥ የተቦካ ሊጥ ከእቃው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ደርቋል። ውሻ እንኳ አልጮኸብንም። አውድማው ላይ ግን ድምፅ ነበር፤ ከብቶች ናቸው። ጠባቂ አጥተው ክምሩን ንደው ገብሱን እየበሉ፣ የተረፈውን እየረገጡ፣ ከዳር ደግሞ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ይፈለፍላሉ። የዓመት እህል ነው። ሚሊሻው ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ዝንጀሮዎቹ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ።

አውሮፕላኑ ከአውድማው በላይ ካለው እርከን ላይ ነበር። አንዱ ክንፉ ተሰብሮ ሌላው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሏል። አምስቱ ቦምቦች ከሆዱ ሥር እንዳሉ ናቸው። ስድስተኛው የለም። ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ አውድማው መካከል፣ ገለባ ላይ፣ አፍንጫው ተቀብሮ አየሁት። ላነሣው ጎንበስ ስል ከገደሉ በኩል ጩኸት መጣ፤ «አትንካ! አንተ ሰው፣ አትንካ! ይፈነዳብሃል!» በኽምጥኛ ነው የሚጮኹት፤ የአባቴ የቤት ቋንቋ ነው፣ እሰማለሁ። እንዳልሞት ነበር የሚለምኑኝ።

አነሣሁትና ከጭንቅላቴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «እንጨት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት! እንጨት ነው!»

ጩኸቱ ቆመ። ቆይቶ ከገደሉ ሥር አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ ወንዶቹ መጀመሪያ፣ ከኋላ ሴቶችና ልጆች፣ ፊታቸው አፈር ለብሶ። አጠገቤ ግን አልደረሱም። ከአንድ ቤት ደጃፍ መጥረቢያ አነሣሁና ቦምቡን ድንጋይ ላይ አስተኝቼ በአንድ ምት ፈለጥኩት። ሁለት ሆነ። ነጭ የዋንዛ ሆዱን ወደ እነሱ አዞርኩት።

ከመካከላቸው አንዲት እናት ወጡ። ሽበታም ናቸው፣ ጥቁር ለብሰዋል። መጥተው አንዱን ግማሽ ከእጄ ወሰዱና በአውራ ጣታቸው የተላገውን ዳበሱት፤ ጭራው ላይ የሰካሁትን ቆርቆሮም ነካኩ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«አናጢ ነህ?»

«አናጢ ነኝ።»

«እጅህ መልካም ነው» አሉኝ። «ልጄን የወሰደብኝም ከሰማይ የተጣለ ነው። እሱን የሠራው ሰው እጁ እንዴት ያለ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እንዲህ በሥርዓት ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።» ግማሹን ቦምብ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። ጓደኛዬ ከኋላዬ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

ወደ ዋሻው ሲሸሹ የወደቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሦስት ቀን ድንጋይ ላይ ተኝተዋል። ከአውሮፕላኑ ያልተሰበረውን ክንፍ ነቅለን ቃሬዛ አደረግነው፤ የነበረን ረጅምና ጠንካራ ነገር እሱ ነው። አራት ጎልማሶች ከሚሊሻው ጋር ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ይዘዋቸው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ በዚያው አውድማ ዳር ተቀመጡ። እኔና ጓደኛዬ ቆመን ነበር።

ከሁሉም የሚበልጡት ተናገሩ። «ልጆቼ፣ ለክፋት እንዳልሆነ አይተናል» አሉ። «ግን ሕዝብ አሳደዳችሁ፣ እህል አስበላችሁ፣ ሰው ሰበራችሁ። የቀረውን ገብስ ከእኛ ጋር ትወቃላችሁ። አልቆ ጎተራ ሲገባ ትሄዳላችሁ። ፍርዱን ተቀበላችሁ?»

ይኼ ቅጣት ሳይሆን ምሕረት መሆኑን ሁለታችንም ገብቶናል። ጎንበስ ብለን ተቀበልን።

በሬ እየነዳን አበራየን፣ በመንሽ ገለባ አነሣን፣ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ እህሉን ወረወርን። የጓደኛዬ የሱቅ እጅ ውሃ ቋጠረ። ሰዎቹ ያበሉናል፣ ያጠጡናል፤ እሱ ሥጋቸውን እንደማይበላ አውቀው ሽሮ ለብቻ ያቀርቡለታል። ልጆቹ ግን አይቀርቡንም። እኔ ወደ አንድ በኩል ስራመድ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አንዲት ሕፃን ሳል ይዟት ነበር፣ የዋሻው ብርድ ነው ይላሉ፤ ባሳለች ቁጥር እናቷ አታየኝም፣ እኔ ግን አያታለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ እህል እየወረወርን ሳለ ድምፁን ሰማን።

መጀመሪያ ንብ ይመስላል። ቀጭን፣ ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ። በሬዎቹን የሚነዳው ሰውዬ ቆመ። ላይዳ የያዘው ላይዳውን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ዞረው እኔን አዩ።

«ያንተ ነው?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

እስካሁን ድረስ ከጆሮዬ የማይወጣው የዚያ ጥያቄ ድምፅ ነው። ቁጣ የለበትም። ተስፋ ነው ያለበት። አዎ፣ የእኔ ነው፣ እንጨት ነው እንድል ነበር የሚጠብቁት። ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው። እብቅ እንጂ ምንም የለባቸውም።

«አይደለም አባቴ» አልኩ።

ማንም አልጮኸም። ሴቶቹ ልጆቹን አነሡ። ጥቁር የለበሱት እናት ነጭ ነጠላ የለበሰችውን ሁሉ «ጣይው፣ ጣይው» እያሉ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። ሸሚዜ ነጭ ነበር፤ እየሮጥኩ ገፍፌ ወረወርኩት። ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል፤ ዳሌያቸው የተሰበረው ሽማግሌ የት ላይ እንደወደቁ እግሬ ሳያስበው ዐወቀው። ውስጡ ገብተን እርስ በርስ ተጣብቀን ተቀመጥን። የምትስለዋ ሕፃን ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ ማን እንዳስቀመጣት አላውቅም። ሳሉ ሲመጣባት አፏን በመዳፌ ከደንኩ። ከላይ ያለ ነገር ሳል አይሰማም፤ ግን ከደንኩ። ጓደኛዬ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከጎኑ ያሉት እናትም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ድምፁ ከላያችን ደረሰና ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ መናገር አልችልም። እንጨት ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ሳስብ ነበር፤ ከታች ሆኖ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላሰብኩም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ራቀ። ሌላ ነገር አልሰማንም። የት እንደሄደ፣ የማን እንደሆነ፣ ማንን ሲፈልግ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማንም ቶሎ ለመውጣት አልተነሣም። ሕፃኗን ስመልስላት እናቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ገብሱ በአምስተኛው ቀን ጎተራ ገባ፤ ከሚጠበቀው ግማሹ ቢሆን ነው። ሞተሮቹንና ሪሞቱን ፈትተን ሊወስደን ለተመለሰው ሚሊሻ አስረከብን። እንጨቱንና አቡጀዲውን ለማገዶ ልተውላቸው ብል አልፈለጉም፤ እሳት ላይ ማየት አንፈልግም አሉ። ተሸክሜ መልሼ አመጣሁት። ሽማግሌው ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኙ፤ በየቀኑ እኔ ወይ ጓደኛዬ እንሄዳለን። ነፍሳቸው ተርፋለች፣ ግን ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም። ስሄድ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወሩኛል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ታሪኩን ሁሉ ሰሙ። መጨረሻ ላይ «ዋሻው በገደሉ አፍ ያለው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አውቀዋለሁ» አሉ። ከየት እንደሚያውቁት አልጠየቅኳቸውም።

ከክረምቱ በኋላ ከዚያ መንደር ሁለት ሰዎች እንጨት ቤቴ መጡ። የተሰበረ ዕቃ ሊያሠሩ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ከኪሱ ገመድ አወጣ፤ ቋጠሮ ቋጠሮ ተደርጎበታል። የዋሻው አፍ ልክ ነው። ሕፃናቱን ብርድ እየመታቸው ነው፣ አውሬም ይገባል፣ ስለዚህ በር ሥራልን አሉኝ። ከውጭ ድንጋይ መስሎ እንዲታይ አፈር የሚይዝ ቢሆን ይመርጣሉ።

ከጽድ ሠራሁት፣ ከባድ አድርጌ። ከጓደኛዬ ጋር ወስደን ማጠፊያውን አለቱ ላይ ተክለን ሰቀልነው፤ ጥቁር የለበሱት እናት አፈርና እበት ለውሰው ፊቱን መረጉት። ከአምስት እርምጃ በላይ ሆነው ሲያዩት በር መሆኑ አይለይም። ሰዎቹ ገበያ ሲመጡ አገኛቸዋለሁ። በሩ እንዴት ነው ስላቸው በደንብ ይዘጋል ይሉኛል።